ጋሼ ከሱፍ ሌላ አልበላም ብሏል፤ በቀቀን ምን ይብላ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት መጦሪያ ሲገቡ በቀቀናቸውን ለእኛ ትተውልን ሄዱ። አፍሪካን ግሬይ ነው፤ 14 ዓመቱ ነው ብለውናል። ልጆቼ ሽበታም ስለሚመስል ‹ጋሼ› ብለው ስም አወጡለት። ከሱፍና ከለውዝ ሌላ ምንም አይነካም። ፔሌት የሚባለውን የተጨፈለቀ የወፍ መኖ ብገዛለት አንድ በአንድ እያነሳ መሬት ጣለው። ካሮት ሳሳየው ፈርቶ ሸሸ። የእኛን እንጀራ ግን ይወዳል። ሰሞኑን ያስነጥሰዋል፣ ላባውም ደብዝዟል። ምን ላብላው? ምንስ ልከልክለው?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። «ጋሼ» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ግራጫ ላባ፣ ነጭ ፊት፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአንድ ዓይኑ ሰው የሚመረምር። ልጆችዎ ስም ማውጣት ያውቁበታል። አመሉም እንደ ስሙ ነው። የለመደውን አይተውም፣ አዲስ ነገር ሲቀርብለት ይጠረጥራል። ደግሞ ገና ነው። ግሬይ በደንብ ከተያዘ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ዛሬ የሚያስለምዱት ምግብ ልጆችዎ አግብተው ከቤት ሲወጡም አብሮት ይቆያል።

ከምግቡ በፊት ስለ ማስነጠሱ ልበል። በቀን አንድ ሁለቴ ቢያስነጥሰው አያሳስብም፤ የራሱ የላባ ብናኝም ያስነጥሰዋል። ከተደጋገመ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ከረጠበ ወይም ከተደፈነ ግን ሐኪም ይየው። ለዓመታት ሱፍ ብቻ ሲበላ ለኖረ ወፍ ደግሞ እኔ ቀጠሮ ሳልይዝ አላድርም። ውሻና ድመት ብቻ የሚያይ ክሊኒክ አይሆንዎትም። ደውለው «በቀቀን የሚያክም ሐኪም አላችሁ?» ብለው ይጠይቁ።

ሐኪሙ አፉን ከፍቶ በመብራት ላንቃውን ያያል። የጤነኛ በቀቀን ላንቃ መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለው። ከስንጥቁ ዳርና ዳር እንደ ሚዶ ጥርስ የሾሉ ጥቃቅን ነገሮች ይታያሉ። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ወፍ ላይ እነዚያ ሾጣጣዎች ደንዝዘው ወይም ጠፍተው ነው የምናገኛቸው። አንዳንዴም አፉ ውስጥ ነጭ እብጠት ይኖራል። ቫይታሚን ኤ የአፍን፣ የአፍንጫንና የአየር ቧንቧን የውስጥ ሽፋን የሚጠብቅ ነው። እሱ ሲጎድል ሽፋኑ ይደርቅና ይወፍራል፤ ጀርም መግቢያ ያገኛል፤ ወፉ ያስነጥሳል። ስለዚህ የጋሼ ማስነጠስና የጋሼ ሱፍ የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፎች ሊሆኑ ይችላሉ። እርስዎም ቤት ሆነው የእግሩን መርገጫ ይዩለት። ጤነኛው ሻካራ፣ ቅርፊት ቅርፊት ያለው ነው። ለስልሶና ቀልቶ ካዩት ለሐኪሙ ይንገሩ።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ። በቀቀን የሚያሳድጉ ደንበኞቼ ብዙዎቹ «የተመጣጠነ ነው የምሰጠው፣ የደርዘን ዓይነት እህል ቅልቅል ነው» ይሉኛል። ውሸት አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ሁሉም አለ። ወፉ ሆድ የገባው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ነገ ጠዋት ይሞክሩት። የኬጁን ወለል ነጭ ወረቀት ያንጥፉበት። ከሚሰጡት እህል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለክተው ያቅርቡ። ማታ ሳህኑንም ወረቀቱንም አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፉና እንደ ምስር ይልቀሙት። የሱፍ ቅርፊት አንድ ክምር፣ የለውዝ ገለባ አንድ ክምር፣ ያልተነካው አንድ ክምር። ሦስተኛው ክምር ውስጥ አጃውም፣ የደረቀችው ካሮትም፣ ፔሌቱም ሳይጎድል ይጠብቅዎታል። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ የከረጢቱን ጽሑፍ አያምንም። ሌላም ነገር ያያሉ። ሙሉ የመሰለው ሳህን አብዛኛው ባዶ ቅርፊት ነው። «ምግብ አለው» እያሉ ወፉ ጦሙን የዋለበት ቤት አጋጥሞኛል።

ሱፍ ምን አጠፋ? ቅርፊቱ ወልቆ ሲመዘን ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ካልሲየሙ እጅግ ትንሽ ሆኖ ፎስፈረሱ ወደ ስምንት እጥፍ ይበልጠዋል። ወፍ የሚያስፈልገው ግን ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ በለጥ ያለ ምግብ ነው። ቫይታሚን ኤውም ከቁጥር አይገባም። (ሱፍ ስል የሱፍ አበባውን ነው። አገር ቤት ለጾም ፍትፍት የምንጨምቀው ሱፍ ሌላ ተክል ነው። እሱም ቅባታም ስለሆነ ለጋሼ ያው ነው።)

ዱር ያለው ግሬይ ቅባት አይበላም ማለቴ አይደለም። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደን የዘንባባ ዘይት የሚጨመቅበትን ቀይ ፍሬ ይወዳል። ግን ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ዛፍ ይበራል፣ ዛፍ ይወጣል፣ ይፈለቅቃል። ያ ቀይ ፍሬ ደግሞ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ በሚቀይረው ቀለም የተሞላ ነው። የእርስዎ ጋሼ በቀን የሚጓዘው ከኬጁ እስከ ሶፋው ጫፍ ነው። ያገራችንንም በቀቀኖች ያስቧቸው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ልብ ብሎ ከሆነ፣ ያቺን ምንቃሯ ቀይ የሆነ ትንሽ አረንጓዴ ወፍ ዛፍ ላይ ስትንጫጫ አይቷታል። እሷ የሾላ ዘመዶችን ፍሬ ትበላለች፣ የጽድ ፍሬም ትለቅማለች። አንድ ሳህን ሙሉ ሱፍ ፊቷ የደፋላት ማንም የለም።

ግሬይን ከሌሎች በቀቀኖች የሚለየው አንድ ድክመት አለ፤ እሱም ካልሲየም ነው። ዘር ብቻ የሚበላ ግሬይ የደም ካልሲየሙ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ይንቀጠቀጣል፣ መቆሚያውን መጨበጥ ያቅተዋል፣ እንደሚጥል በሽታ አንዘፍዝፎ ይጥለዋል። ይህን ካዩ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክሊኒክ ነው። ሐኪሙን «የደም ካልሲየሙን ይለኩልኝ» ቢሉት ጥሩ ነው፤ በተለይ አዮናይዝድ የሚባለውን፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ነፃ ሆኖ ያለውን። ካልሲየም ደግሞ ያለ ቫይታሚን ዲ አይዋጥም፣ ቫይታሚን ዲ ደግሞ የፀሐይ ጨረር ይፈልጋል። ልብ ይበሉ፣ የመስኮት መስታወት ያንን ጨረር ያስቀረዋል። መስኮት ዳር ማስቀመጥ ለእይታ እንጂ ለአጥንቱ አይጠቅምም። ሞቅ ባለ ቀን ኬጁን በረንዳ አውጥተው፣ ግማሹን አጥልተው፣ አጠገቡ ሆነው 20 ደቂቃ ያቆዩት። ለክረምቱ ያንን ጨረር የሚሰጥ፣ ለወፍ የተሠራ የዩቪቢ አምፖል አለ።

እንግዲህ ምን ይብላ?

መሠረቱ ፔሌት ይሁን። ፔሌት ማለት እህሉ፣ ቫይታሚኑና ማዕድኑ አብሮ ተፈጭቶ፣ እንደ ዶሮ መኖ ተጨፍልቆ የተዘጋጀ ነው። ጥቅሙ መምረጥ አለመቻሉ ነው። ጋሼ አራዳ ነው፤ ቅልቅል ውስጥ የሚወደውን ይለቅማል። ፔሌት ውስጥ ግን የሚለቀም የለም፤ አንዷን ከበላ ሁሉንም በላ። ከዕለት ምግቡ ከግማሽ በላይ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይሁንለት። ለአንድ ግሬይ በቀን ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ መነሻ ነው። ቀለም ያልተቀባና ስኳር የሌለበትን ይምረጡ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ የሆነው ለገዢው ዓይን ነው የተሠራው፤ ኩሱንም ቀለም ስለሚያስይዘው በሽታ ሲመጣ ለመለየት ያስቸግራል።

ሲሶ ያህሉ አትክልት ይሁን። እዚህ ላይ የሐበሻ ኩሽና ያላችሁ ሰዎች ከፈረንጆቹ ትሻላላችሁ። ጎመን አላችሁ። እዚያ ኮላርድ የሚባለው ማለቴ ነው። ካልሲየሙ ጥሩ ነው፣ ለቫይታሚን ኤም ይሆናል። ጥሬውን በደንብ አጥበው፣ ውሃው እንዳለበት ቅጠሉን ኬጁ ላይ ይሰኩለት። አንዳንዱ ወፍ መጀመሪያ ይታጠብበታል፤ እርጥብ ቅጠል ላይ መንከባለል ይወዳሉ። ከዚያ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ከዚያ መቅመስ። ቆስጣና ስፒናች ግን ሌላ ናቸው። ካልሲየም የሚይዝና እንዳይዋጥ የሚያደርግ ኦክሳሌት የሚባል ነገር አላቸው። አልፎ አልፎ አይጎዱም። ለግሬይ ግን የዕለት ቅጠል አድርጌ አልመርጣቸውም።

ብርቱካናማና ቀይ የሆነ ሁሉ ወዳጁ ነው። የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ቀይ ቃሪያ። ስለ ቃሪያ ካነሳን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገርዎት። ወፍ ማቃጠል አይሰማውም። ሰውን የሚያስለቅሰው የበርበሬ ንጥረ ነገር የወፍን ነርቭ አይነካም። ዱር ያለ በርበሬ ዘሩን የሚበትኑለት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ያችን ሚጥሚጣ የምታክል ቃሪያ ከነፍሬዋ ይስጡት። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው እያዩት ጋሼ ዘሩን አንድ በአንድ ሲፈለፍል መዝናኛ ነው። ቫይታሚን ሲውም ኤውም አለው። ከበላ በኋላ ብቻ ምንቃሩ ፊትዎን እንዳይነካ፤ እሱን ባያቃጥለውም እርስዎን ያቃጥልዎታል።

በቆልትም ድንቅ ነው። ምስር ወይም ሽምብራ ዘፍዝፈው፣ በቀን ሁለት ሦስቴ እያጠቡ፣ ጭራ ስታወጣ ይስጡት። ከሸተተ ወይም ካሟለጨ ይጣል፤ ሻጋታ ለወፍ ቀልድ አይደለም። ቦሎቄና ባቄላን ግን ጥሬውን አይስጡ፣ በደንብ ተቀቅሎ ብቻ። ጨውና ቅቤ ያልገባበት ቂንጬም በማንኪያ ጫፍ ይሆናል። የተቀቀለ እንቁላል በሳምንት አንዴ ትንሽ ቁራሽ ይበቃል፤ ጾም ላይ ከሆናችሁና ቤት ከሌለ ደግሞ ጋሼም ቢጾም ምንም አይሆንም።

ፍራፍሬ ይወዳል፤ ሱቅ ያለው ፍራፍሬ ግን ለጣፋጭነት የተዳቀለ ስኳርና ውሃ ነው። በቀን የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም ሮማን ትበቃዋለች። የአፕል ዘሩን፣ የኮክና የቼሪ ድንጋዩን ያውጡ።

ሱፍና ለውዝስ? አልከለክልም። ከሳህን ወጥተው ወደ እጅዎ ይግቡ። በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ሱፍ፣ ወይም ግማሽ ዋልነት፣ «ና» ሲሉት መጥቶ እጅዎ ላይ ሲቆም የሚከፈለው ደመወዝ ይሁን። ለውዙን ግን በአልመንድ ወይም በዋልነት ቢቀይሩት እመርጣለሁ። ከነገለባው ተቀምጦ የቆየ ለውዝ ሻጋታ ይይዛል፣ ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን ጉበት ይመርዛል፣ በቀቀን ደግሞ ለዚህ ስስ ነው። ለሰው መብል የተዘጋጀና ጨው የሌለው ካልሆነ ቤት አያስገቡት።

አሁን ከባዱ ጉዳይ፣ ማስለመዱ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርዎት።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ሴት ኮካቲል ይዛ መጣች። ዘር ብቻ የሚበላ፣ 92 ግራም የሚመዝን ትንሽ በቀቀን። እኔም በመጽሐፍ ወኔ «ከዛሬ ጀምሮ ዘሩን አቁሚ፣ ፔሌት ብቻ አድርጊ፣ ሲርበው ይበላል» አልኳት። በአምስተኛው ቀን ተመለሰች። ወፉ ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ካርቶኑ ጥግ ተቀምጧል። ስመዝነው 76 ግራም። ከሥሩ ያለው ወረቀት ላይ የነበሩት ሦስት ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ የጥፍር ጫፍ የማያህሉ። አልበላም ነበር። ፔሌቱን እየፈጨ መልሶ ሲተፋው «በላ» ብላ ነው ያመነችው። በቱቦ እየመገብን ተረፈ። ውሻ ሲርበው ይበላል። በቀቀን ግን ምግብ መሆኑን ያላወቀውን ነገር ፊቱ አድርጎ ሊራብ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ማንንም «ዘሩን አቁሙ» ከማለቴ በፊት «ሚዛን አላችሁ?» ነው የምለው።

እርስዎም ከፔሌት በፊት በግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን ይግዙ። ውድ አይደለም። ላዩ ላይ አጭር መቆሚያ እንጨት ወይም ትንሽ ሳጥን ያድርጉ፤ ጋሼ ሲወጣበት አንዲት ሱፍ ይክፈሉት። ሁልጊዜ ጠዋት፣ የመጀመሪያውን ኩስ ከጣለ በኋላ፣ ምግብ ሳይቀምስ ይመዝኑት። ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፉ። ልጆቹ ይህን ሥራ ይሻሙበታል። 450 ግራም የሆነ ወፍ 430 አካባቢ ከደረሰ መቀነሱን ያቁሙና ባለበት ያቆዩት። 405 ከደረሰ አሥር ከመቶ ወርዷል፤ ዘሩን ይመልሱለትና ለሐኪሙ ይደውሉ።

ሚዛኑ ከተለመደ በኋላ ቀን ሙሉ ሳህን ሙሉ የሚለውን ነገር እናስቀር። ሱፉን ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ያቅርቡና ያንሱት። በመሃል ያለው ሰዓት የፔሌትና የአትክልት ነው። ዱር ያሉትም በብዛት የሚበሉት ማለዳና ወደ ማታ ነው። አትክልቱን ማለዳ፣ ሱፉ ሳይመጣ፣ ሆዱ ባዶ ሳለ ያቅርቡት።

ፔሌቱን አንድ በአንድ እያነሳ ጣለው ያሉትን አልጠላሁትም። ነክቶታል ማለት ነው። ጥቂቱን ሙቀጫ ውስጥ ወቅጠው ዱቄት ያድርጉት። ቅርፊቱ የወለቀ ሱፍ በጣም ትንሽ ውሃ አርሰው ዱቄቱ ላይ ያንከባልሉት። ቅርፊት ካለው ልጦ ዱቄቱን ከነቅርፊቱ ይጥለዋል፤ ለዚህ ነው የተፈለፈለ ያልኩት። ሱፉን ሲልስ የፔሌቱን ጣዕም ይለምዳል። ከሳምንት በኋላ ዱቄቱ ውስጥ ስባሪ ይግባ፣ ከዚያ ሙሉው። ለብ ባለ ውሃ ለውሰው እንደ ገንፎ የሚሰጡም አሉ፤ ብዙ ግሬዮች ሞቅ ያለ ነገር ይወዳሉ። እርጥብ የሆነ ምግብ ሁሉ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ኬጅ ውስጥ አይቆይ።

ካሮቱን የፈራው ስለማያውቀው ነው። ግሬይ አዲስ ቅርጽና አዲስ ቀለም ያስደነግጠዋል። ፊቱ አያስጠጉት። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሚያይበት ርቀት፣ ለሁለት ሦስት ቀን ይተዉት። ከዚያ እርስዎ ይብሉት። ማስመሰል ሳይሆን ቁጭ ብለው፣ «እምም» እያሉ፣ ለልጆቹም እያካፈሉ፣ ለእሱ ሳይሰጡ። በቀቀን ከመንጋው ጋር የሚበላ ፍጥረት ነው። መንጋው ደግሞ እናንተ ናችሁ። የቀናበት ቀን አንገቱን ይሰግጋል። ያኔ ቀጭን ክር አድርገው የፋቁትን ይስጡት። ሙሉው ካሮት ያስፈራል፣ ክሩ አያስፈራም።

ይህ ሁሉ በሳምንት አያልቅም። አንዳንዱ በሦስት ሳምንት ይለምዳል፤ 14 ዓመት ሱፍ የበላው ጋሼ ወራት ሊወስድ ይችላል። በየቀኑ ወረቀቱን ይዩ። ጤነኛ ኩስ ሦስት ነገር አለው፤ ቅርጽ ያለው አረንጓዴ ወይም ቡናማ፣ ነጭ፣ እና ጥርት ያለ ውሃ። ፔሌት ሲጀምር ወደ ቡናማ ቢሄድ አይደንግጡ። የኩሱ ቁጥር ከቀነሰና ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ግን አልበላም ማለት ነው፤ የኮካቲሉን ወረቀት ያስታውሱ።

መብላት ሲጀምር ደግሞ ያሠሩት። ፔሌቱን ወረቀት ጠቅልለው፣ ባዶ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ደብቀው ይስጡት። ሥራ የፈታ ግሬይ ላባውን መንቀል ይጀምራል፤ እሱን ማስተው ደግሞ ፔሌት ከማስለመድ በላይ ይከብዳል።

ስለ እናንተ ማዕድ ጠይቀዋል። እንጀራ መርዝ አይደለም። ደረቁን፣ የጥፍር ያህል፣ አብሮ ለመብላት ያህል ቢቀምስ ግድ የለም። ሆድ ይሞላል እንጂ የጎደለውን አይሞላለትም። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይሆንም። በርበሬው አይደለም ችግሩ። ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ የደም ሴሉን ይሰብሩታል፤ ጨውና ቅቤውም አለ። ሽሮም ያው ነው። እና ጉርሻ! እንደምንወድ አውቃለሁ። በእጅ ይሁን፤ ከአፍ ወደ ምንቃር ግን አይሁን፣ ለልጆቹም ይንገሩልኝ። የሰው ምራቅ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ለወፍ ባዕድ ነው።

በፍጹም የማይነካው አቮካዶ ነው። ልቡን ያጠቃል፤ ትንሹም ሊገድል ይችላል። ስፕሪስ የጠጣችሁበትን ብርጭቆ እንኳ እንዲልስ አይተዉት። ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሻይ፣ ጠላና ጠጅም ያው ናቸው። ሲኒ አፍ ላይ የሚቆም በቀቀን ፎቶው ያምራል፣ መጨረሻው ግን አያምርም።

ቡና ካነሳሁ ምግብ ያልሆነ ግን ከኩሽና የማይወጣ ነገር ልጨምር። የወፍ ሳንባ ከእኛ በጣም የተለየ ነው፤ ጭስና ጋዝ በፍጥነት ይወስዳል። ቡና ሲቆላ፣ እጣን ሲጨስ ጋሼ በሩ የተዘጋ ሌላ ክፍል ይሁን፣ መስኮትም ይከፈት። የኤሌክትሪክ ምጣድዎ ወይም መጥበሻዎ የማያጣብቅ ሽፋን ያለው ከሆነ የበለጠ ይጠንቀቁ። ያ ሽፋን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ለሰው አይታወቀውም፣ ወፍን ግን በደቂቃዎች ይገድላል። ባዶ ምጣድ ጥደው ስልክ ለማንሳት አይሂዱ።

ሱቅ ሲሄዱ የቫይታሚን ጠብታና የአሸዋ ከረጢት ሊሸጡልዎት ይሞክራሉ። አይግዙ። ውሃ ውስጥ የገባ ቫይታሚን ቶሎ ይበላሻል፣ ውሃውን ባክቴሪያ ያራባበታል፣ ወፉም ጣዕሙን ጠልቶ መጠጣት ይቀንሳል። ፔሌት ለሚበላ ወፍ ደግሞ በቫይታሚን ላይ ቫይታሚን መጨመር ራሱ ጉዳት ነው። ሐኪሙ መርምሮ ካዘዘ ሌላ ጉዳይ ነው። አሸዋ ለእርግብ እንጂ ዘሩን ልጦ ለሚበላ በቀቀን አያስፈልግም። ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ፣ ሳህኑን በሳሙና ይጠቡ። አለቀ።

ሚዛኑን ሲገዙ የመጀመሪያውን ቁጥር ይጻፉልኝ። ጅራቱ ደማቅ ቀይ ከሆነ ኮንጎ ግሬይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 550 ግራም ይመዝናል። ጅራቱ የጠቆረ ቀይ ከሆነ ቲምኔ ነው፤ እሱ ከዚያ ያነሰ ነው። ሲዳብሱት የደረቱ አጥንት እንደ ቢላዋ ስለት ከወጣ፣ ቁጥሩ ምንም ቢል ከሱፉ ላይ ምንም ሳይቀንሱ መጀመሪያ ሐኪሙ ይየው።